የቁርጭምጭሚቱ ስፕሪንግ

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ከደረጃው ግርጌ ሞታ ተገኘች። መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሟችን የቀኝ ጫማ አየች፤ አፍንጫው ተልጧል። ከጫማው በላይ ስትሮክ ያደከመውን እግር የሚይዝ ድጋፍ ታስሯል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ግራና ቀኝ የብረት መታጠፊያ አለው።

ድጋፉን የሠራው ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከመታጠፊያው ኋላ ስፕሪንግ አለ» አለ። «እግሯን ስታነሳ ጣቷ ወደ መሬት እንዳያዘነብል ይገፋል። በብሎን ዘግቼ ቀይ ቀለም እቀባዋለሁ። ሰው ከነካው ቀለሙ ይሰነጠቃል።»

«ቀለምህ ያብረቀርቃል?»

«የለም፣ ደብዛዛ ነው።»

ብሎኖቹ ላይ ያለው ቀለም አልተሰነጠቀም፤ ግን ያብረቀርቃል። ሲፈቱ የስፕሪንጎቹ ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ዓይነ ስውሩ የሟች ባል ሳሎን ተቀምጠዋል። «ትናንት ደህና ትራመድ ነበር። ሰኞ ሱቋን ልትከፍት ነበር» አሉ። «ዛሬ ግን እግሯ ሲጎተት ሰማሁ። ልጠራት ስል ወደቀች።»

«የብሎኑ መፍቻስ?»

«እህቷ ናት የምታስቀምጠው።»

ታናሽ እህቷ አራት ዓመት ሙሉ ስታጥባትና ስታነሳት የኖረች ናት። «ጠፍቶብኛል» አለች። ጥፍሮቿ ጥግ ላይ ያልለቀቀ ቀይ ቀለም ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ስፕሪንጎቹ ተሰብረው ቢሆን ስብርባሪው ይገኝ ነበር። ሰው ነው ያወጣቸው፤ ከዚያም ብሎኖቹን መልሶ በጥፍር ቀለም ሸፈናቸው። ባለሙያው ቢሆን የራሱን ቀለም ይቀባል። ጋሼ ቀዩን ከሌላው አይለዩም። ሟች ደግሞ ሱቅ ልትከፍት ስትል እግሯን አታሰናክልም።» ወደ እህትየዋ ዞረች። «አንቺ ቀረሽ።»

እህትየዋ ጥፍሮቿን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አልጋዋ ላይ እንድትቀር ነበር» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ ተደናቅፋ ‹አልቻልኩም› እንድትል። እሷ ከዳነች እኔን ማን ይፈልገኛል? የት እሄዳለሁ? ደረጃውን አላሰብኩትም።»

የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ እንደሚባለው ሐዘኑ ከቤት አልወጣም። ባልየው የሚያለቅሱት ለየትኛዋ እንደሆነ አልታወቀም።

እህትየዋ ከመርማሪዋ ጋር በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ጋሼ፣ መድኃኒትዎ መስኮቱ ላይ ነው። ትልቁ ብልቃጥ የጠዋት፣ ትንሹ የማታ።»

«ሲያልቅስ?» አሉ።

በሩ ተዘጋ።