የጋሽ ገሞር ለቅሶ

እናት ውሃ የቀዘቀዘ ዕለት የፍልቅታ ቁራዎች በእግራቸው ከከተማ ወጡ። ክንፍ እያላቸው! እንደ ለቀስተኛ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ ገበያውን መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ቁልቁል ወረዱ። ያየ ሁሉ አፉን በእጁ ያዘ። እንዲህ ያለ ምልክት በወርዘላ መንግሥት ምድር ለደግ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ፍልቅታ በደንገዞ ተራራ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለች፣ ከወፍ ጎጆ እምብዛም የማትበልጥ ከተማ ናት። ነገር ግን ከዓለት ስንጥቅ የሚፈልቀው ውሃዋ፣ ትኩሱ፣ ኮምጣጣው፣ አረፋማው እናት ውሃ፣ ስሟን ከአገር ዳር እስከ ዳር አስጠርቶታል። በአልጋ ተሸክመው ያመጡት በሽተኛ አልጋውን ራሱ ተሸክሞ ይመለስ ነበር። አንድ ኮርማ አብዝቶ ጠጥቶ ቢያነጥስ ቀንዶቹ ተስፈንጥረው ጎረቤት አገር ወድቀው፣ ሁለቱ ነገሥታት በዚያ ሰበብ ጦር ከመማዘዝ ለጥቂት ተርፈዋል።

ውሃውን የሚያፈላው እሳት አይደለም፤ ሳቅ ነው። ከተራራው ሥር ገሞር የሚባል ፍጡር ተኝቷል። ዕድሜው ከተራራው ስለሚበልጥ የከተማው ሰው «ጋሽ ገሞር» እያለ ያከብረዋል። ጎህ ሲቀድ የከተማው ወግ ነጋሪ አፉን ከዓለቱ ስንጥቅ ላይ ደግኖ አንድ ወግ ያወራለታል፤ ገሞር ይስቃል፤ ውሃው ይንፈቀፈቃል። በስንጥቁ ድምፅ ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ የሚወጣው አረፋ ብቻ ነው። ጠጪውን አረፋው አፍንጫው ገብቶ ሲያስነጥሰው «ይኸው፣ ቀልዱ ደረሰህ!» ይሉታል።

ያንን ወግ ዕድሜ ልኩን ሲያወራ የኖረው አያ ቢተው ሞተ። ከኋላው ያሳደጋቸውን ሁለት የልጅ ልጆቹን ተወ፤ አንዳርጌንና ሽታዬን። አንዳርጌ ወግ ነጋሪነቱን ይወርሳል የተባለ፣ ከተማውን በተንኮሉ ያስመረረ ጎረምሳ ነው። ታናሽ እህቱ ሽታዬ ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዟትም፤ ውሃው ውስጥ ግን ትቆማለች። መታጠቢያው በድንጋይ ደረጃ ወደ ታች የሚወርድ ነው። መጀመሪያ ውሃው እስከ አንገቷ ይዟት ቆመች፤ ከዚያ እስከ ደረቷ፤ ከዚያ እስከ ወገቧ። ቀስ እያለች ደረጃውን ወደ ላይ ስትወጣ ኖራ፣ አያ ቢተው ሊሞት ሰሞን ውሃው ከጉልበቷ በታች ወርዶ ነበር። «አንዲት ደረጃ ቀረችሽ። ከዚያ እኔን አዝለሽ ገበያ ታዞሪኛለሽ» ይላት ነበር።

የከተማው ሽማግሌዎች ከቀብር ማግሥት መከሩ። «ጋሽ ገሞር የወዳጁን ሞት ከመንገደኛ ወሬ ይስማ? ነውር ነው!» አሉ። እንደ አገሩ ደንብ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ሳይነጋ፣ ስንጥቁ ላይ ቆመው መርዶውን አረዱት። አስለቃሿ እመት ዘርፌም አንድ ሙሾ አወረደችለት። ተራራው አንዴ ሸርተት ያለ መሰለ። ውሃው ጸጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ግዴታቸውን ተወጥተዋልና ቁርሳቸውን ሊበሉ ወደየቤታቸው ገቡ።

ቁራዎቹ የወጡት ያን ጊዜ ነው።

አንዳርጌ ስንጥቁ ላይ ተደፍቶ የሚያውቀውን ወግ ሁሉ አወረደ። አንዲት አረፋ አልወጣችም። ቤት ሲገባ ሽታዬ እግሮቿን እያየች ተቀምጣለች።

«ጣቶቼ ዛሬ የሉም» አለችው።

«ቁራዎቹን ተከትለው ሄዱ?»

«አንተ ልጅ፣ አሁንም ትቀልዳለህ?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?»

በማግሥቱ ቁርጭምጭሚቷም ሄደ። ውሃው የሰጣትን ሁሉ፣ በሰጣት ደረጃ፣ መልሶ እየወሰደ ነበር። አንዳርጌ ጉልበቷ ላይ እጁን ሲያሳርፍ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘው። ከዚያ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻለም። ከቀዘቀዘው መታጠቢያ ዳር ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ፦

«የፍልቅታ ሰዎች፣ ስሙኝ! በደንገዞ ራስ፣ በእናት ውሃ ማሕፀን፣ በአያቴ በቢተው አጥንት ምያለሁ! ማንም ወዳልወረደበት ወደ ገሞር አዳራሽ እወርዳለሁ። ውሃውን ሳላፈላ ብመለስ ስሜ ከሰው አፍ ይጥፋ!»

«ስምህን ከሰው አፍ ማጥፋትስ ይቸግራል፤ ግማሹ ከተማ ሲረግምህ ነው የሚውል» አለ አንድ ሽማግሌ። ማንም አልሳቀም።

«እኔም እወርዳለሁ!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ሻለቃ ጋረደው የሚባለው ነበር፤ ጉልበቱን ሊታከም የመጣ የንጉሡ ጦር አለቃ። ባለፈው ሰሞን አንዳርጌ «ውሃው ለጉልበት የሚሠራው በጆሮ ሲገባ ነው» ብሎት ሙሉ ቀን አንገቱን አጋድሞ የዋለ ሰው ነው። «ለቀልድ ግን አይደለም። በሰይፌ ምያለሁ፣ የዚያን አውሬ አንገት ቆርጬ ውሃውን ነጻ አወጣለሁ! አንተን ደግሞ ስንመለስ እንነጋገራለን።»

«በየትኛው ጆሮዎ ልንገርዎ፣ ሻለቃ?»

እመት ዘርፌ መቀነቷን አጠበቀች። «ሙሾውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ያፌን ሥራ ዐይኔ ይየው» ብላ ከሁለቱ ቀድማ ወደ ዋሻው ገባች።

መንገዱ የተራራ ጉሮሮ ነው፤ ጠባብ፣ የሚያዳልጥ፣ ቁልቁል የሚውጥ። ጥንት ከሥሩ የእንፋሎት ጅቦች ይንጎራደዱበት ነበር። አሁን በብርዱ በረዶ ሆነው፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ በመታጠፊያው ላይ ጠበቋቸው። የእነዚህ ጅቦች ክፉ ዐመል ከሰው አካል ጉልበት ብቻ መብላታቸው ነው። ሻለቃው የመጀመሪያውን ሲመታው ሰይፉ እንደ ደረቅ ቂጣ ለሁለት ተቆረሰ። መንጋው ወደ እመት ዘርፌ ዞረ።

«ወደዚህ!» ብሎ ጮኸ ሻለቃው፣ መሐላቸው ገብቶ የታመመ ጉልበቱን እየዘረጋ። «ይኸን ብሉ! እኔም ከጠላሁት ቆይቻለሁ!»

ነከሱት። ጉልበቱ ከመድረቁ የተነሳ የአውራው ጥርስ ተሰብሮ ተንኳኳ፤ መንጋው ደንግጦ ተበተነ። ብርዱ ግን አጥንቱ ድረስ ገብቶ ነበርና ያ እግር ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠፈም። አንዳርጌ በትከሻው ደገፈው። ሊቀልድበት የፈለገውን ዋጠው።

የገሞር አዳራሽ ሲደርሱ ጨለማው ግራጫ ሆነ። ገሞር የተገለበጠ ኮረብታ ያክላል። ጺሙ ውሃው ሲንጠባጠብ የሠራው ነጭ ድንጋይ ነው። እንደ አውድማ የሰፋውን አንድ ጆሮውን ከስንጥቁ ሥር አስደግፎ ተኝቷል፤ ዛሬም፣ የሚወርድ ወግ እንዳለ ሁሉ።

አንዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ሰው ዱባ ተክሎ ነበር። ዱባው ከመግዘፉ የተነሳ በቅሎው የጠፋችበት እዚያው ውስጥ ነው። ስንት ክረምት ሲፈልጋት ኖሮ ዱባውን ቢፈነክተው፣ በቅሎዋ ወልዳ፣ ልጇን ድራ አገኛት!»

«ይኸንን ቢተው ነግሮኛል» አለ ገሞር። ድምፁ ድንጋይ ሲንከባለል ይመስላል። «እሱ ሲያወራው በቅሎዋ ታነክስ ነበር።»

አዳራሹ ይበልጥ ቀዘቀዘ። ሻለቃው የተቆረሰ ሰይፉን ከፍ አደረገ። «በወርዘላ ዙፋን ስም! ወይ ሳቅ፣ ወይ ሙት!»

«ፍጠን ልጄ» አለው ገሞር። «አንገቴ እዚህ ጋ ነው። ጺሜን ላንሳልህ?»

የሻለቃው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

እመት ዘርፌ ግን ወዲያ ወዲህ ትመለከት ነበር። «አንዳርጌ... ሰው የለም እኮ» አለች።

«የት?»

«እዚህ። ለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው የለም። አብሮት የተቀመጠ የለም፣ ‹እህል ቅመስ› ያለው የለም። አረድነውና... ቁርሳችንን ልንበላ ሄድን።»

አንዳርጌ ያን ግዙፍ ጆሮ ዐየው። ሌላ ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ፣ ከገሞር አጠገብ፣ ሄዶ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት፣ ዝም ብሎ። ሁለቱ ጓደኞቹም ተቀመጡ።

ብዙ ቆይቶ ገሞር «ሲሞት የት ነበርክ?» አለው።

«አጠገቡ።»

«ንገረኝ።»

«ሞቶ ማስመሰል ይወድ እንደነበር ታውቃለህ?» አለ አንዳርጌ። አንቱታው ሳያስበው ወድቆ ቀረ። «ዐይኑን ገልብጦ ይዘረራል። እኛ ስንጮህ አንድ ዐይኑን ከፈት ያደርግና ‹ውርሱን እንዴት ልትካፈሉ ነው?› ይላል። አንዴማ ገናዡ ተጠርቶ መጥቶ ሊገንዘው ሲል ‹እጅህ ይቀዘቅዛል› አለው። ሰውዬው እስከ ዛሬ እየሮጠ ነው።»

የገሞር አፍንጫ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ያን ዕለት ጠዋትም ዝም አለ። ሳቅሁ። ‹ዛሬስ አሳምሮታል› አልኩ። ውስጥ እግሩን ኮረኮርኩት። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ‹እሺ አባባ፣ አሸነፍከኝ፣ ተነስ› አልኩት። ሽታዬ ‹ተወው› እያለች ታለቅሳለች። ‹ዝም በይ፣ ሊስቅ ነው› አልኳት። ጋሼ... ሲቀብሩት እንኳ ጆሮዬን አፈሩ ላይ አድርጌ ነበር። ሲስቅ እንዳያመልጠኝ።»

ከዚያ በላይ አልቻለም። አያቱ ከሞተ ጀምሮ ያልወጣ እንባ አንድ ላይ መጣ፤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ገሞርም አለቀሰ፤ እንባው የእህል ጎተራ ይሞላል። እመት ዘርፌ ሙሾ አላወረደችም፤ የአንዳርጌን ጀርባ አሻሸች። ሻለቃው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ውስጥ እግሩን ኮረኮርከው?» አለ ገሞር በእንባ መሐል።

«አዎ።»

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

ገሞር እያለቀሰ ሳቀ። በመጀመሪያ ከሆዱ ጥልቅ ውስጥ አንድ ጉርምርምታ ተነሳ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን አላበው፤ ከዚያ ከወለሉ ሥር ውሃው ሽቅብ እየተንፈቀፈቀ በስንጥቁ ወጣ። ከላይ፣ ከሩቅ፣ የከተማው ሰው እልልታ ወረደላቸው።

«ፈላ!» አለ ሻለቃው። «እንውጣ፣ መንገዱ በእንፋሎት ሊዘጋ ነው!»

አንዳርጌ ተነስቶ እርምጃ ሲጀምር ከኋላው ፍልቅልቅታው ደከመ። ቆመ። ዞሮ ሲያይ ገሞር ጆሮውን መልሶ ከስንጥቁ ሥር አስደግፏል።

«ወግ ከላይም ይወርድልኛል» አለ ገሞር በመጨረሻ። «ኀዘንተኛ ግን አጠገቡ ሰው ይሻል። ሂዱ ልጆቼ። አልቀየማችሁም።»

«እኔ እቀራለሁ» አለ ሻለቃው ደረቱን ነፍቶ። «ወግ አውቃለሁ። አንድ ወታደር... ሌላ ወታደር መንገድ ላይ አገኘ።»

«እሺ?» አለ ገሞር።

«ሰላም አለው።»

«ከዚያስ?»

«በቃ። ሰላም ተባባሉ።»

ገሞር በትሕትና አሳለ። ውሃው ለብ አለ።

«እኔ ብቀር ዳግመኛ ሳስለቅሰው ነው የምኖረው» አለች እመት ዘርፌ፣ መሬት መሬት እያየች።

አንዳርጌ ወደ ገሞር ተመለሰ። «ጋሼ፣ የለቅሶ ድንኳንህ መቼ ነው የሚነሳው?»

ገሞር ሽቅብ፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ደንገዞ ሆድ ተመለከተ። «ድንኳኔ ይኸ ተራራ ነው» አለ።

አንዳርጌ ተራራውን ዐየ። ስለ ሽታዬ ጉልበት አሰበ፤ ስለዚያች ስለቀረችው ደረጃ። ቆብ አልነበረውም እንጂ ያወልቅ ነበር። ቀኝ እጁን በገሞር የድንጋይ ጺም ላይ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«በአያቴ በቢተው አጥንት ምዬ ነበር፤ መሐላዬን አላጥፍም። ድንኳንህ እስኪነሳ አብሬህ እቀመጣለሁ። ብቻህን አታለቅስም፤ ብቻህንም አትስቅም።»

ውሃው ዓለቱን እያናጋ ሽቅብ ተወነጨፈ።

«ለሽታዬ ምን እንበላት?» አለች እመት ዘርፌ። እጁን ይዛ አልለቀቀችውም።

«ሞተ እንዳትሏት። ነጠላ አዘቅዝቃችሁም እንዳትሄዱባት። እየቀለደ ነው በሏት።»

ሻለቃው የማይታጠፍ እግሩን አስተካክሎ፣ ለንጉሡ ብቻ የሚሰጠውን ሰላምታ ሰጠው። ከዚያ እንፋሎቱ ጓደኞቹን ሸፈናቸው።

ከተራራ ሥር ቀን አይቆጠርም። አንዳርጌ ግን ከዓለቱ በላይ የሚረግጠውን ሁሉ በኮቴው ለየ። ያ ጓ፣ ጓ የሚለው ሻለቃው ነው፤ አገሩ መመለሱን ትቶ የመታጠቢያው ዘበኛ ሆኗል። ያ ነጠላ ጫማ የሚጎትተው ሽማግሌ ነው። እነዚያ ፈጠን ፈጠን የሚሉት ቁራዎች ናቸው፤ በእግራቸው ተመለሱ። ለገሞር እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ያማለታል፤ ገሞር ይስቃል። ገሞር ሲተኛ ደግሞ አንዳርጌ ጉልበቱን አቅፎ ዝም ይላል። ፀሐይ ምን ትመስል እንደነበር ሊረሳት ጀምሯል።

አንድ ጊዜ ታዲያ የማያውቀው ኮቴ ሰማ። አንድ ረገጠ። ተጎተተ። ቆመ። ደግሞ ረገጠ።

«ይኸ ደግሞ ማን...» ሊል ገሞር ጀመረ።

«ዝም በል፣ ጋሼ!»

በፍልቅታ ውስጥ አንዳርጌ ኮቴዋን ሰምቶ የማያውቃት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ኮቴው እየተደናቀፈ፣ እያረፈ፣ ስንጥቁ ድረስ መጣ። ሰው ሲያጎነብስ ልብሱ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ድምጿ ወረደ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያለየለት፦

«እሺ አንዳርጌ፣ አሸነፍከኝ። ተነስ።»

አንዳርጌ ሽቅብ ጮኸ። ድምፁ ግን የትም አልደረሰም፤ በስንጥቁ የሚወጣው አረፋ ብቻ ነው። እንባውን በክንዱ ጠረገና ወደዚያ ግዙፍ ጆሮ ተጠጋ።

«ጋሼ» አለ፣ «አንዲት ልጅ ነበረች። እግሯን ቁራ ሰርቆባት፣ ሄዳ ሄዳ የቁራ እግር ተውሳ...»

ወጉ ገና ሳያልቅ ገሞር በሳቅ ፈነዳ። አረፋው ተሽቀዳድሞ በስንጥቁ ሲወጣ አንዳርጌ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

ከላይ አንዲት ልጅ አነጠሰች።