ከማጣሪያው በፊት ያለችው ሴንሰር

ሳምራዊት የመኪና ቤቱን በር ስትከፍት መጀመሪያ የታፈነ ጭስ ሽታ ተቀበላት፤ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ። አባቷ አቶ ገብረየስ የናፍታ መኪናቸውን ወንበር ወደ ኋላ ለጥጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ ደረታቸው ስበው ተጋድመዋል። ፊታቸው ቀላ ብሎ ስላየችው ደህና መስለዋት «አባዬ፣ ተነስ እንጂ፤ ጭሱ አይጎዳህም?» አለች። ሞተሩን አጥፍታ ትከሻቸውን ነቀነቀች። ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው።

ኢንስፔክተር ዘውዲ በማግስቱ ገርጂ ወዳለው የሟቹ ቤት ስትጠራ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነው የጠበቃት። አስከሬኑ ተመርምሯል፤ ደማቸው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዟል። ጥፋተኛ የተባለውም ታስሯል። ቢሩክ ይባላል፤ አያት ሰፈር ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ከሞቱ በፊት በነበረው ቀን መኪናዋን የነካካው እሱ ነው። ሞተሩ አጠገብ፣ የጭስ ማስወጫው ላይ መታሰር የነበረባት አንዲት ሴንሰር ተፈታ ተገኝታለች። እንግዲህ ጭሱ በቀዳዳዋ ወጥቶ ወደ መኪናው ገባ፤ ሰውየው ሞቱ፤ መካኒኩ በቸልተኝነት ይጠየቅ፤ አለቀ ደቀቀ።

ዘውዲ ግን ሌላ ሰው አላምጦ የሰጣትን የምትውጥ ሴት አይደለችም። አለቆቿ ዘንድ ነገረኛ የሚል ስም ያተረፈላትም ይኸው ነው።

የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ሳምራዊት ክንዷን ያዘቻት። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ቢሩክ እጮኛዬ ነው። ጾሙ ሲፈታ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። አባቴን እሱ ከገደለው ሁለቱንም አንድ ቀን ቀበርኳቸው ማለት ነው። ካልገደለውም ንገሩኝ። እማዬ ስሙ ሲጠራ መስማት አትፈልግም።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ! ማመንም አቃተኝ፣ መካድም አቃተኝ።»

ዘውዲ ማጽናኛ ቃል አልሰጠቻትም፤ የማታውቀውን ተስፋ መስጠት ኃጢአት ነው ትላለች። «ሞተሩን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

«አዎ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላስነሳውም።»

«ከውጭ መጀመሪያ የደረሰው ማነው?»

«ጋሽ ጸጋአብ። የአባዬ ሸሪክ ናቸው፤ የመኪና ምርመራ ድርጅቱ የሁለቱ ነው። ቢሩክ እንኳ ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ የለመነው እሳቸውን ነው። ስደውልላቸው አያት ሰፈር ነኝ አሉኝ፤ ያም ሆኖ ጎረቤት ሳይሰበሰብ ደረሱ። እኔና እማዬ አባዬን ይዘን ስናለቅስ ሴንሰሯን ያገኟት እሳቸው ናቸው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ጨብጠዋል። ዘውዲ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ፍልሰታ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ ነበር የሚቀምሰው» አሉ። «መብራት ጠፍቶ ሽሮውን በከሰል ሠራሁለት። በላና እንደ ልማዱ መኪናው ውስጥ መዝሙር እየሰማ ሸለብ ሊያደርግ ገባ። ክረምት በመጣ ቁጥር ልማዱ ነው፤ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ይስቅበታል። እኔና ልጄ ለሽማግሌዎቹ መስተንግዶ የሚሆነውን ልንገዛ ሾላ ገበያ ሄድን።»

«ሞተሩን አስነስተው ይተኛሉ?»

«ኧረ በጭራሽ! ለናፍታው ይሳሳል።»

«ስትመለሱ ቦታውን የለቀቀ ነገር አላዩም?»

«ልጄ፣ ባል ሞቶ ምን ይታያል!» አሉ። «ማንደጃው ብቻ። ከነፍሙ ኩሽና ትቼው የሄድኩት፣ ደጅ ዝናብ ሲደበድበው አገኘሁት።»

«ሰሞኑን የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር?»

«‹ጾሙ ሲፈታ አንድ ነገር ተናግሬ እገላገላለሁ፤ እስከዚያ ለሰውየው ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› ይል ነበር። ማን ነው ብለው አልነገረኝም። የሰው ስም ማንሳት አይወድም።»

አቶ ጸጋአብ ከድንኳኑ ጫፍ ወንበር ያስደረድራሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ መሀል መሀል ላይ ጮክ ብለው ያለቅሳሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእሳቸው ድምፅ እንጂ እንባው አይታይም ነበር። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከውስጥ በኩል በፕላስተር ተሸፍነዋል።

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፣ ኢንስፔክተር» አሉ። «ብሎንና ዳዶ እንኳ አልለይም። ጭሱ ከየት መጣ ብዬ ኮፈኑን ብከፍት ያቺ ነገር ተፈታ ተንጠልጥላለች። ለፖሊስ አሳየሁ፣ ይኸው ነው። ልጁን እንደ ልጄ ነበር የማየው።»

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ጧፍ ነው። ኪዳን ላይ አቃጠለኝ።»

ዘውዲ «እግዜር ይማርዎት» አለችና ወደ መኪና ቤቱ ገባች።

ኮፈኑን አስከፈተች። ሴንሰሯ ከእርሳስ የቀጠነች ዘንግ ናት፤ በሽቦዋ ተንጠልጥላለች። የወጣችበት ቀዳዳ ከሞተሩ ጀርባ፣ ማጣሪያ ከሚባለው ወፍራም ጣሳ በላይ ነው። በቀዳዳው ፊት ለፊት ሙቀት የሚከላከል የብር ቀለም ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። ዘውዲ በነጭ መሐረቧ ጠረገችው፤ መሐረቡ እንደነጣ ቀረ። ከቀዳዳው ከንፈር ላይ ግማሽ ቀይ መስመር አለ፤ ሌላው ግማሽ በሴንሰሯ ዳዶ ላይ ነው።

የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍታ ምንጣፉን በጣቷ ዳሰሰች። ቀልጠው የጎደጎዱ ሦስት ነጥቦች በሦስት ማዕዘን ተቀምጠዋል። መሀላቸው የአመድ ብናኝ አለ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በስንዝሯ ለካች።

ቢሩክን እስር ቤት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«መኪናዋ ምን ሆና ነበር?»

«ምንም። ጋሽ ገብረየስ ሊያሠሩ ሳይሆን ሊማሩ ነው የመጡት» አለ። «አንድ የተማሪዎች ሚኒባስ ለጥገና መጥቶልኝ ነበር። ማጣሪያው ሆዱ ተፈልፍሎ ባዶውን ቀርቷል። ሴንሰሮቹ ለይስሙላ በሽቦ ታስረዋል፤ የማስጠንቀቂያው መብራት እንዳይበራ ኮምፒውተሩ ተሸውዷል። ጭሱ በወለሉ ሽንቁር ይገባል፤ ልጆቹ በየቀኑ ራስ ምታት ነው። ቦሎው ግን አዲስ ነው፤ ያሳለፈው የእሳቸው ድርጅት ነው። ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ‹ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ አይደለሁም፤ ካሁን በኋላ ግን በዓይኔ አይቼ እለያለሁ። የእኔን መኪና ከፍተህ አሳየኝ› አሉ።»

«እስቲ እኔንም አስተምረኝ።»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ጭሱ የሚሄድበትን ከሞተሩ ጀምረው ይከተሉ። ቀጭን ዘንግና ሁለት ሽቦ ያላት የሙቀት ናት፤ አንዷ ከማጣሪያው በፊት፣ አንዷ ከኋላው ትታሰራለች። ሁለት የጎማ ቱቦ የተሰካባት የግፊት ናት፤ እሷ ራቅ ብላ ነው የምትቀመጠው፣ ማጣሪያው መደፈኑን ትናገራለች። ወፈር ያለችውና ሽቦዋ ከትንሽ ሳጥን ጋር የተያያዘው መርዘኛውን ጋዝ ትለካለች፤ ወደ ጅራቱ በኩል ናት።»

«ቀዩ መስመርስ?»

«የሳምሪ የጥፍር ቀለም ነው» አለና አፈረ። «አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ ከዳዶው እስከ ቱቦው አሰምርበታለሁ። ቢላላ መስመሩ ስለሚሰበር በዓይን ይታያል። አንዷንም ሳላሰምር አልለቀቅኳትም።»

«የፊተኛዋ ወልቃ ሞተሩ ቢሠራ ምን ይሆናል?»

«ከማጣሪያው በፊት ያለው ጭስ እኮ ጥቀርሻ ነው! ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ያጠቁረዋል።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ሳምሪ ምን አለች?»

ዘውዲ ተነስታ ወጣች።

ወደ ገርጂ ተመልሳ አቶ ጸጋአብን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘቻቸው። የደከማት መስላ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አይ የእኔ ነገር! ሪፖርት ልጽፍ ብዬ ተምታታብኝ። ያቺ የወለቀችው፣ ሁለት የጎማ ቱቦ ያላት ሴንሰር…»

«እሷማ የግፊት ናት!» አሏት ፈገግ ብለው። «የወለቀችው የሙቀት ናት፤ ከማጣሪያው በፊት ያለችው። እንዳይሳሳቱ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ዘውዲ።

በሰልስቱ ቀን፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ዘውዲ ቤተሰቡን መኪና ቤት ውስጥ ሰበሰበች። ቢሩክን በሁለት ፖሊሶች መሀል አምጥታዋለች። ወይዘሮ የሺመቤት ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ። ሳምራዊት በእናቷና በእጮኛዋ መካከል ቆማ ወዴት እንደምትጠጋ ጠፍቷት ነበር። አቶ ጸጋአብ የወይዘሮዋን ክንድ ደግፈዋል።

ዘውዲ ኮፈኑን ከፈተች። «ሁሉም ሰው ይቺን ሴንሰር አይቶ ቢሩክን ወቀሰ። መስመሩን እዩት። ቢሩክ አስሯት ነበር፤ ሰው በቁልፍ ፈታት። ታዲያ መቼ? ይህ ቆርቆሮ ይመልሳል። ቀዳዳው ተከፍቶ ሞተሩ ሠርቶ ቢሆን ቆርቆሮው እንደ ድስት ቂጥ በጠቆረ ነበር። ንጹሕ ነው። ሴንሰሯ የወለቀችው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ሞተሩን ያጠፋችው ሳምራዊት ናት። ከዚያ በኋላ ቢሩክ እዚህ ግቢ አልረገጠም፤ ፖሊስ ያገኘው አያት፣ ጋራዡ ውስጥ ነው።»

ሳምራዊት አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዲያ አባዬን ምን ገደለው?»

«ሐኪሙም የከነከነው እሱ ነው። ናፍታ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ነው ያንን መርዝ የሚያወጣው፤ ማጣሪያው ጤነኛ ከሆነ ደግሞ እጅግ ያነሰ። የከሰል ፍም ግን ዝግ መኪና ውስጥ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።» የኋላውን በር ከፍታ ምንጣፉን አሳየች፤ ከዚያ የኩሽናውን ማንደጃ አስመጥታ አስቀመጠችው። ሦስቱ እግሮች በሦስቱ ጉድጓዶች ልክ ገቡ።

ወይዘሮ የሺመቤት «የእኔ ማንደጃ! በእኔ እሳት!» ብለው ጮኹ።

«ገዳዩ አቶ ገብረየስ ተኝተው ሳሉ ማንደጃውን አስገባ፤ ሲሞቱ አወጣው፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ግቢውን ለቆ እዚሁ አካባቢ ጠበቀ። ነገር ግን መኪና የሚያውቅ ሰው ነውና ሰጋ። ጤነኛ የናፍታ መኪና ገደላቸው ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ እናትና ልጅ አስከሬኑን ይዘው ሲያለቅሱ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ፈጠረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቱቦው ገና የጋለ ነበር። የጧፍ እሳት የጣትን ጫፍ ወይም የእጅን ጀርባ ያገኛል፤ የሁለት ጣቶችን የውስጥ ገጽ እኩል የሚጠብሰው የጋለ ብረት ቆንጥጦ ማውጣት ነው። አቶ ጸጋአብ፣ ብሎንና ዳዶ አልለይም ብለውኝ የሙቀቷን ከግፊቷ ለዩልኝ። ለሳምራዊት አያት ሰፈር ነኝ ብለዋት ነበር፤ የስልክዎ መረጃ ግን ገርጂ እንደነበሩ ይናገራል።»

ሰውየው የወይዘሮዋን ክንድ ለቀቀ። ከዚህ ወዲያ አንቱታው ይቅርበት።

«ቢሩክ ማጣሪያው ተፈልፍሎ ያገኘውን የተማሪዎች ሚኒባስ ያለ ምርመራ ያሳለፈው ይህ ሰው ነው፤ አቶ ገብረየስ ሊናገሩ የነበረው ይህንን ነው» አለች ዘውዲ። «ቢሩክን ማሳሰሩ ምስክሩንም አብሮ መቅበር ነበር።»

«ጊዜ ሰጠኝ» አለ ጸጋአብ መሬት መሬት እያየ። «‹ጾሙ እስኪፈታ ራስህ ሄደህ ተናገር፤ ነገሩን እኔ እንዳወጣው አታድርገኝ› አለኝ። በየቀኑ እሄዳለሁ እያልኩ አደርኩ። እሱ ይጾማል፣ ይጸልይልኛል። ጸሎቱ ነው የከበደኝ።»

ሳምራዊት ፊቱ ላይ ቆመች። «ስደውልልህ ‹አይዞሽ ልጄ፣ መጣሁ› አልከኝ እኮ። እሑድ በቢሩክ ስም በራችን ላይ ልትቆም ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ዘውዲ እንዲህ ባለው ሰዓት ደስ ይላታል ብለው የሚያስቡ አሉ። እሷ ግን ድንኳኑ ውስጥ እሱ ያስደረደራቸውን ወንበሮች እያየች ሳትቀመጥ አለፈች።

የቢሩክ እጅ ተፈታ፤ እናትና ልጅ ወደ ድንኳኑ ፍራሽ ተመለሱ። ወደ ሳምራዊት አልሮጠም። ያንን ሁሉ ቀን በገዳይነት ስሙ የተነሳበት ግቢ ነው፤ ሽማግሌም ገና አልላከም፤ እንደ ምን ብሎ ይግባ? ከድንኳኑ አፍ ላይ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ቆሞ ጎንበስ አለና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ሊመለስ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

«እማማ፣ እኔ እንግዲህ…»

«ሽማግሌህንማ ፖሊስ ወሰደው።» ቀስ ብለው ከፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና በባላቸው ዘመዶች ወገን፣ የሟች ወንድ ልጅ በሚቀመጥበት በኩል ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ሰው እየመጣ ነው፤ ከእኛ ጋር ተቀመጥና ለቅሶ ተቀበል።»

ቢሩክ ጫማውን አውልቆ ገባ።