ሟቹ ያጠለቀው ቀይ ባጅ

ሰውየው በሕይወት ዘመኑ ዝም ብሎ አያውቅም። ስልክ ሲያወራ ከመንገድ ማዶ ያሉ ሱቆች መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ሲስቅ ወፍ ከዛፍ ይነሣል፤ በሹክሹክታ የነገረህን ምስጢር ሰፈርተኛው ሁሉ ካንተ ቀድሞ ይሰማዋል። ሠራተኞቹ በሌለበት «ነጎድጓድ» ይሉት የነበረው ለዚህ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ የገዛ ድርጅቱ ባዘጋጀው ታላቅ የንግድ ጉባኤ ላይ፣ የዝምታ ክፍል በሚባለው ውስጥ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ ጆሮው ላይ የድምፅ መከለያ ደፍቶ፣ እስከ አገጩ ከባድ ብርድ ልብስ ለብሶ የተገኘው። ሞቶ።

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ደረቱ ላይ ቀይ ባጅ ተንጠልጥሏል።

ጉዳዩን እንዲመረምር የተላከው ኢንስፔክተር «ወንፊት» ይባላል። ወሬውን ሁሉ ነፍቶ ነፍቶ እንክርዳዱን ብቻ እጁ ላይ ስለሚያስቀር ነው ስሙን ያገኘው። ሌባ በሕልሙ ካየው ማልዶ ተነሥቶ እጁን ይሰጣል እየተባለ ይወራለታል፤ እሱም አላስተባበለም። የዚያን ቀን ግን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ፣ ደብዘዝ ያሉትን መብራቶችና ወፍራሙን ምንጣፍ ደጋግሞ አየ። እንዲህ ያለ ሰላማዊ የሬሳ ክፍል አይቶ አያውቅም። ሰላሙን አላመነውም።

«ሐኪሙ ምን አለ?» ሲል አብራው የመጣችውን ሳጅን ጠየቃት።

«የጠጣው ሻይ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። ከዚያ ትራስ አፉ ላይ። ጉባኤው ከተከፈተበት እስከ ሻይ ዕረፍት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ይላል፤ ከዚያ በላይ ማጥበብ አልቻለም።»

«ማን አገኘው?»

«የዝግጅቱ ነዳፊ። ያቺውልህ።»

ነዳፊዋ በሩ አጠገብ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ቀጭን ናት፤ ግን የጉባኤው አዳራሽ በሙሉ ትከሻዋ ላይ የተቀመጠ ይመስል ጎብጣለች።

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ነገር ምንድን ነው? ባጁ፣ መከለያው፣ ብርድ ልብሱ?»

«አእምሯቸው በተለየ መንገድ የሚሠራ ሰዎች እንዲመቻቸው ነው። ኦቲዝም ያላቸው አሉ፣ ሐሳባቸው ቶሎ የሚበታተንባቸው አሉ፣ ጫጫታና ደማቅ ብርሃን የሚያማቸው አሉ። ነጋዴዎች ናቸው፣ መሐንዲሶች ናቸው፤ ጉባኤ ግን አይመጡም። ‹አትግቡ› ያላቸው ሰው ኖሮ አይደለም። መብራቱና ማይክራፎኑ ነው የሚላቸው።»

«ባጁስ?»

«አረንጓዴ ያጠለቀ፣ ኑ አዋሩኝ ማለቱ ነው። ቢጫ፣ የማውቀው ሰው ብቻ። ቀይ ያጠለቀን ሰው ማንም አያናግረውም፤ ለሰላምታም ቢሆን።»

«ሟቹ የትኛውን ነበር የሚያጠልቀው?»

«ጋሼ?» ፈገግታ መሰል ነገር ፊቷ ላይ መጥቶ ጠፋ። «አረንጓዴ ነዋ! ከቻለ አምስት ይደረድር ነበር።»

«ትስማሙ ነበር?»

«ሲጮህብኝ ነው የኖረው። ‹ጉባኤ አዘጋጂ አልኩሽ እንጂ ለቅሶ ቤት አላልኩሽም› ይለኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።» ቀና ብላ አየችው። «አልገደልኩትም። ከመክፈቻው እስከ ሻይ ዕረፍት መድረክ ላይ ነበርኩ። ከሻይ በኋላ የሱ ንግግር ነበር፤ ስሙ ሲጠራ አልወጣም። እኛ ጋ ጭብጨባ የለም፣ እጅ ነው የምናውለበልበው። አዳራሽ ሙሉ ሰው እጁን እያውለበለበ ጠበቀው። ከዚያ ልፈልገው ወጣሁ።»

«ስትገቢስ?»

«ፊቱን አይቼ ቀዘቀዝኩ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት፤ ቀዩን ባጅ ሳይ አንድ ሰው እንዳለበሰው ገባኝ።»

«ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር ይባላል።»

ነዳፊዋ ዓይኗን ወደ ጎን ክፍል አዞረች። መልሱ ከሳጅኗ መጣ።

«ታላቅ ወንድሟ። አጠገቡ ተቀምጦ ነው የተገኘው። አሻራውም ብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ አለ።»

የኢንስፔክተሩ ስልክ ጮኸ። ነዳፊዋ ደንገጥ ብላ ወደ ግድግዳው ሸሸች። አለቃው ነው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ አለቃው፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። «ሰውየው ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ ይወዛወዛል፣ የሰው ዓይን አያይም፣ አሻራው ተገኝቷል። ምን ቀረህ? መላእክት ይመስክሩልህ? መኪና ልኬያለሁ፤ ሲደርስ ይዘኸው ና!»

ስልኩ ሲዘጋ ነዳፊዋ የኢንስፔክተሩን እጅጌ ያዘች።

«እኔን እሰሩኝ። የምሬን ነው፣ እኔን ውሰዱኝ። አንድ ጊዜ በስህተት ተይዞ ማረፊያ ቤት አድሯል። ያ የብረት በር በተዘጋ ቁጥር... ከወጣ በኋላ ለስንት ጊዜ ቃል ከአፉ እንዳልወጣ ታውቃለህ? እናታችን ሞተች፤ አንድ ቃል ሳይነግራት። አሁን ደግመው ከወሰዱት አይመለስልኝም፣ ኢንስፔክተር።»

ወንፊት እጅጌውን ቀስ ብሎ አላቀቀ። አደርጋለሁ አላደርግም ብሎ ቃል መስጠት አይወድም። ልቡ ግን መኪናው መንገድ ላይ ጎማ እንዲፈነዳበት ተመኘ።

ወንድሟ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጠጉሩ ሽበት የጀመረው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋል። ዓይኑ የኢንስፔክተሩ ጫማ ላይ ነው።

«ሟቹን ነካኸው?»

«አዎ።»

ሳጅኗ ትንፋሿን ሳበች። በአርባ ዓመት አገልግሎቱ (እሱ ነው አርባ የሚለው) ወንፊት እንዲህ ፈጥኖ የመጣ «አዎ» ሰምቶ አያውቅም። ጠረጠረው። ከእውነት ይልቅ ውሸት ነው እንዲህ የሚቸኩለው።

«ለምን ነካኸው?»

«ብርድ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ነበር። ጉልበት ላይ ልክ አይደለም። ክብደቱ ደረት ላይ ካልሆነ አያረጋጋም። እስከ አገጩ ሳብኩለት።»

«መቼ?»

«ስገባ። ከሻይ በፊት ነው፤ ማይክራፎኑ ሲያፏጭ ከአዳራሹ ወጣሁ። ገባሁ፣ ሳብኩለት፣ ተቀመጥኩ። እህቴ እስክትመጣ አልተነሣሁም። ብርድ ልብሱንም ማንም አልነካውም።»

«አጠገብህ ሰው እንዲያ ዝም ሲል አልገረመህም?»

«ቀይ ባጅ ነበረው። ቀይ ያጠለቀ ሰው ዝም ቢል አይገርምም።»

ኢንስፔክተሩ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። መላው ጉባኤተኛ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሬሳን በጨዋነት ማለፍ።

የሟቹ ባለቤት ጥቁር መነጽሯን ሳታወልቅ ነው የተቀበለችው። እንባ የለም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጥብቃ ይዛዋለች።

«እትዬ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ። ድርጅቱ በሙሉ ያውቃል። ከዚያ ሰውዬ ጋር ያለ መድኃኒት ማን ይተኛል? በእንቅልፉም እኮ ስብሰባ ይመራ ነበር!» ድምፅዋ ተሰበረ፣ ወዲያው አቃናችው። «ገና ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፤ ብልቃጡ ጎድሏል። ቦርሳዬ ጠዋት ከመድረክ ጀርባ ነበር፤ የወጣ የገባ ሁሉ ያየዋል።»

«እርስዎ ባለቤትዎን አልፈለጉትም?»

«በሻይ ሰዓት በዚያ ክፍል በር መስታወት አጮልቄ ነበር። አንዱ እስከ አገጩ ተሸፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሷል፤ ሌላው አጠገቡ ይወዛወዛል። የኔ ባል ተሸፋፍኖ ዝም ይላል ብዬ በምን አንጎሌ ልገምት? አለፍኩ።»

«ዛሬ ንግግሩ ስለ ምን ነበር?»

መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ ደም ለብሷል።

«ድርጅቱን ለዚያች ልጅ ሊያስረክብ ነበር። እየጮኸባት፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ‹ይቺ ልጅ እኔ ያልታየኝን ነው ያየችው› ይለኝ ነበር። ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ማታ ግን ‹ምክትሌ በመድረክ ከሚሰማ እኔ ልንገረው› እያለ ነበር። ይንገረው አይንገረው አላውቅም።»

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሲጠራ የመጣው ጠረኑ ሳይቀር ተስተካክሎ ነው። ሱፉ ላይ አንድ ክር አይታይም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን ታጥፎ የተቀመጠ መሐረብ ይመስል ከኪሱ እየመዘዘ ይሰጣል።

«ጠዋቱን ከመድረክ ጀርባ ነበርኩ። ብዙ ሰው አይቶኛል፤ ሙሉውን ሰዓት ግን አይደለም፤ እዋሻለሁ እንዴ?»

«ባለፈው ማታ ሟቹ ያነጋገረዎት ነገር አለ?»

«ምንም። ደህና እደር ብሎኝ ሄደ።»

«በሻይ ሰዓትስ?»

ምክትሉ አንገቱን ደፋ። «እሱ ነው የሚቆጨኝ። ጋሼን ስፈልግ በዝምታ ክፍሉ መስታወት አየሁ። ያ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እንዲህ እንዲህ ይወዛወዛል። ጋሼ ደረት ላይ ቀዩ ባጅ ይታየኛል። ደንብ አክብሬ ተመለስኩ። ምነው ባላከበርኩ ኖሮ!»

«ሰውየው አጠገቡ መኖሩን እርግጠኛ ነዎት?»

«በዓይኔ በብረቱ! ከፈለጉ የትም ቀርቤ እመሰክራለሁ። እኔ እንደዚያ ዓይነቱን ሰው ለብቻው መተው ልክ እንዳልሆነ ቀድሜም ተናግሬያለሁ፤ የሰማኝ የለም እንጂ።»

ወንፊት አመሰገነው። ምስጋናው ረዘም ያለ ነበር፤ ሳጅኗ የዚህን ምስጋና ትርጉም ስለምታውቅ ወደ በሩ ተጠጋች።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉም የዝምታ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንድምዬው ጥግ ይዟል፤ እህቱ ከፊቱ እንደ ግንብ ቆማለች። ባለቤቲቱ ተቀምጣለች። ምክትሉ በሩ አጠገብ ሰዓቱን ያያል።

«ይህን ጉዳይ እንደኔ ያለ ሰው ባይዘው ዕድሜ ልክ ተቀብሮ ይቀር ነበር» ሲል ጀመረ ኢንስፔክተሩ፤ ትሕትና አልፈጠረበትም። «አንደኛ፣ ባጁን ሟቹ ራሱ አላጠለቀውም። ነጎድጓድ ቀይ አያጠልቅም። ያጠለቀለት ገዳዩ ነው፤ ማንም እንዳይቀሰቅሰው። ስለዚህ ገዳዩ የባጁን ደንብ ጠንቅቆ ያውቃል።»

«ሁላችንም እናውቃለን» አለ ምክትሉ።

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሷ ግን መድረክ ላይ ነበረች፤ አዳራሽ ሙሉ ምስክር አላት። ሦስት ሰው ቀረን። ሳጅን፣ እስቲ እዚያ ወንበር ላይ ተኚ።»

«እኔ?»

«ሟች ለመሆን ከዚህ የተሻለ ወንበር አታገኚም። ቀዩን አጥልቂ።»

ሳጅኗ እያጉረመረመች ተንጋለለች። ኢንስፔክተሩ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ጣለና አንድ በአንድ ወደ በሩ መስታወት ወስዶ አሳያቸው። ባጁ ደረቷ ላይ ያበራል። ከዚያ እስከ አገጯ ሳበው፤ ደግሞ አሳያቸው። ባጁ የለም።

«ይህ ሰው» አለ ወደ ጥጉ እያመለከተ፣ «ገና ሲገባ ብርድ ልብሱን እንዲህ ሳበ። ጠርዙ ላይ አሻራው የተገኘው ለዚህ ነው። እህቱ ስታገኘው ባጁን ለማየት መግለጥ ነበረባት። እትዬ በሻይ ሰዓት ያዩት የተሸፈነ ሰው ነው፤ አጠገቡ ደግሞ የሚወዛወዝ። ሦስቱ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ነገሩኝ። በመስታወቱ አሻግሮ ደረት ላይ ባጅ ያየ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ምክትሉ ከንፈሩን ላሰ። «ምናልባት... ቀደም ብዬ አይቼ ይሆናል። ሳይሸፈን።»

«ሳይሸፈን ከሆነ እሱ አልገባም ነበር። እሱ ካለ ባጁ አይታይም፤ ባጁ ከታየ እሱ የለም። እርስዎ ሁለቱን ባንድ ላይ አዩ! ባጁን ያዩት ሲያጠልቁለት ነው። ሰውየው እንደሚወዛወዝ ግን ኋላ ከሌላ ሰው ሰምተው ጨመሩበት፤ ለምን? ኃጢአቱን የሚሸከም ሰው ስላስፈለገዎት። ‹አላየሁም› ቢሉኝ ኖሮ፣ እኔ ወንፊት፣ ዛሬ ባዶ እጄን እገባ ነበር።»

«የዚህን ቃል አምነህ ነው? ዓይንህን እንኳ ማየት የማይችለውን?»

«እርስዎ ዓይንዎን ከዓይኔ ሳይነቅሉ ነው የዋሹኝ።»

ባለቤቲቱ ቀስ ብላ ተነሣች። «ሻዩን ያመጣህለት አንተ ነህ። ሁሌም አንተ ነህ የምታመጣለት። ማታ ነገረህ፣ አይደል?»

ያ ተስተካክሎ የመጣ ሰው በአንድ አፍታ ተጨማደደ።

«ነገረኝ! እየሳቀ ነገረኝ! ‹አንተ እኮ ሰው አታይም፣ እሷ ታያለች› አለኝ። ወጣትነቴን በሙሉ ጩኸቱን ተሸክሜ፣ ለትናንት ልጅ? ‹ከንግግርህ በፊት ድምፅህን አሳርፍ› አልኩት፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶኝ አያውቅም፣ ዛሬ ሰማኝ።»

ሳጅኗ ከነብርድ ልብሱ ዘላ ተነሥታ እጁን ያዘችው።

ከውጭ የመኪናው ሳይረን ተሰማ፤ ሩቅ ነው፣ እየቀረበ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ሰው ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ ወደ ወለሉ አጎነበሰ። እህቱ አብራው ወረደች፤ አልነካችውም፣ ከጎኑ ብቻ ተንበረከከች። «ላንተ አይደለም» ትለዋለች፣ ደጋግማ፣ በለሆሳስ፣ «ላንተ አይደለም የመጣው።»

ወንፊት ያን ከባድ ሰውነቱን እየጎተተ በኮሪደሩ ሮጠ። ከዚያ በፊት ሲሮጥ ያየው የለም፤ አየሁ የሚል ቢኖርም ማንም አያምነውም። መኪናው በር ላይ ሳይደርስ መንገዱ መሐል እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«አጥፋው!»

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «አለቃ እኮ ነው አብራ ያለኝ! አደገኛ ሰው ነው ተብሎ—»

«አደገኛው በእግሩ ይመጣልሃል። አጥፋው አልኩህ!»

ድምፁ ተቆረጠ። ኢንስፔክተሩ እያለከለከ ወደ ኋላው ዞሮ እስከ ወለል የሚወርደውን የክፍሉን መስኮት አየ። መጋረጃው ጀርባ ሁለት ጥላ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ቆይቶ ቆይቶ አንደኛው እጁን ከጆሮው አወረደ፤ ሌላኛዋም ፊቷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።