አምስተኛዋ ክር

አንዱአምላክን ያገኘሁት ከይፋግ ወደ ደብረ ታቦር በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ክራሬን ታቅፌ ስንገጫገጭ «ልያዝልሽ?» አለኝ። ሰጠሁት። እስክንደርስ በሁለት እጁ ይዞት መጣ። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ እንደሚያስተምር የነገረኝ ስንወርድ ነው።

ዓመት ሳይሞላን ተዋደድን፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንዲልክ ተስማማን።

ከዚያ ያን ነገር ሠራ።

አባቴ ባስተማሩኝ በአንቺሆዬ ቅኝት ተጫውቼ፣ ለሬዲዮ እንዲልክልኝ ቅጂውን ሰጠሁት። ሲተላለፍ ሰማሁ። ጣቱ የኔ ነው፤ ድምፁ ግን የኔ አይደለም።

«አምስተኛዋ ክር ትንሽ ዝቅ ብላ ነበር፤ በስልኬ ለካኋት። በኮምፒውተር አስተካከልኩልሽ» አለኝ ደስ ብሎት።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኼ ነው።

«ማን አስተካክል አለህ?»

«ስህተት እንዳለ ይተላለፍ ነበር ታዲያ?»

ስህተት! ያችን ድምፅ ለማግኘት ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሽማግሌ የሚባል ነገር እንዳይልክ ነግሬው ወጣሁ። አባቴ በሬዲዮ ሰምተው ከሚኖሩበት ከወንዛዬ ደውለው «ልጄ፣ ጆሮሽን ምን ነካው?» ሲሉኝ አፈርኩ። በሰው ጥፋት ማፈር እንዴት እንደሚያንገበግብ ያየ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ሳምንት በቁጥር የተሞላ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ።

«ሠናይት፣ ልክ ነበርሽ። እዪ፣ ከክሩ ርዝመት ከሦስት እጅ ሁለቱ ብቻ ሲመታ ሌላ ደስ የሚል ድምፅ ይወጣል። ከዚያኛው ላይም እንደዚሁ እያልሽ አሥራ ሁለት ጊዜ ብትሄጂ፣ የመነሻሽን ድምፅ በቀጭኑ ልትደግሚው ሲገባ ትንሽ ታልፊዋለሽ። ፒያኖ ያችን ትርፍ ለመደበቅ ድምፆቹን ሁሉ ትንሽ ትንሽ ከቦታቸው ያነቃንቃል። ስልኬ የሚለካው በፒያኖ ልክ ነው። ያንቺ አምስተኛ ክር ግን ከሦስተኛዋ ጋር ልክ አምስት ለአራት ናት፤ ያቺ አራት ጊዜ ስትርገበገብ ይቺ አምስት።»

ዓይኑ ያበራል። እኔን የባሰ ነደደኝ።

«እና ወረቀት እስኪመሰክርልኝ ነው የጠበቅኸው? አባቴ አምስት ለአራት የሚባል አያውቁም፤ ሲሰሟት ግን ያውቋታል። የኔ ቃል ለምን አልበቃህም?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ሊበቃኝ ይገባ ነበር» አለ።

ሰበብ ቢደረድር ኖሮ አስወጣው ነበር። ክራሩን ከግድግዳው አወረድኩና አምስተኛዋን ክር አላልቼ ሰጠሁት።

«ቃኛት። ያለ ስልክ።»

አጠበቃት፤ ከልኳ አለፈች። «ስንት ልቀንስ?»

«ቁጥር አልሰጥህም።»

ያን ጊዜ ክሩን ትቶ ፊቴን ማየት ጀመረ። እየመታ፣ እያየኝ፣ ቀስ በቀስ አላላት። ግንባሬ ሲፈታ እጁ ቆመ። እሷው ነበረች። ዓይኑን ግን ከፊቴ አላነሳም፤ እኔም አንሳ አላልኩትም።

«ሽማግሌ ልላክ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ላክ። ግን ንዴቴ አልበረደም። ሲመጡ አስቀድመው ስለዚች ክር አባቴን ይቅርታ ይጠይቁ፤ እኔን የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።»