የደቡቡ መንገድ ክፍት ነው

የዊልነር አስከሬን የተገኘው ገና እንደ ነጋ፣ በሞንትሪያል ከማዳም ኦዴት ቤት ፊት ለፊት፣ ከውጪው የብረት ደረጃ ግርጌ ነበር። አንድ እጁ ከደረቱ ሥር ታጥፏል፤ ባርኔጣው ከራሱ ርቆ በረዶው ላይ ወድቋል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «አንሸራቶት ነው» ብለው ጉዳዩን ሊዘጉት ምንም አልቀራቸውም። በዚያ ከተማ ደረጃ በየክረምቱ ሰው ይጥላል።

መርማሪ ኤርላንድ ዶርቪል አስከሬኑን አይታ ስታበቃ የብረቱን ድጋፍ ይዛ በጥንቃቄ ወደ ላይ ወጣች። የላይኞቹ ደረጃዎች እንደ መስታወት የጠራ ግግር ለብሰዋል። የጎረቤቱ ደረጃ ላይ ግን እፍ ቢሉት እንደ ዱቄት የሚበን ደረቅ በረዶ ብቻ ነው ያለው።

«ሰሞኑን ዝንቧል እንዴ?» አለች።

«ኧረ የምን ዝናብ!» አለ ከታች አንደኛው ፖሊስ። «ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል እንኳን ሊዘንብ።»

«ጣሪያውም አያፈስም። ታዲያ ይህ ውኃ ከየት መጣ?»

የፊት ለፊቱን በር በአንድ እጇ ገፋ ስታደርገው ወለል ብሎ ተከፈተ።

ቤቱ የሄይቲ ሰዎች የሚኖሩበት ነው። ኤርላንድም ራሷ በልጅነቷ ከዚያው አገር የመጣች ናት። ባለቤቲቱ ማዳም ኦዴት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሦስቱን ክፍሎች ለታክሲ ነጂው ለቴሪሉስ፣ ለዶሮ ፋብሪካ ሠራተኛው ለሉክነርና ለሟቹ አከራይታለች። ወጣቱ ሉክነር ባይዛመዳቸውም ቴሪሉስን «አጎቴ»፣ እሷን «አክስቴ» ይላቸዋል። ዊልነር የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ቢሆንም በሰፈሩ የሚታወቀው «ሬዲዮ» በሚል ስም ነበር። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ወርዶ አገር ቤት ካለው ወዳጁ ከፍሬኔል ጋር በስልክ ያወራል፤ ከዚያ ቁርስ ላይ ወሬውን ያመጣል። የትኛው ሰፈር ሰላም እንዳደረ፣ ታጣቂዎች የትኛውን መንገድ እንደ ዘጉ፣ ገበያው ይቆም አይቆም እንደሆነ። ቴሌቪዥኑ የሞቱትን ቁጥር ይናገራል፤ ዊልነር ግን ማን እንደ ተረፈ በስም እየጠራ ይነግራቸዋል።

ማዳም ኦዴት ወጥ ቤቱ ውስጥ ዳቦውን ከነከረጢቱ ታቅፋ ታለቅሳለች።

«መጀመሪያ ያዩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ... ዊልነርዬን!»

«ሲወጡስ ደረጃው ላይ ውኃ ነገር አላዩም?»

«በዚያ መች ወጣሁ። ሌላ ጊዜ በዚያ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ቴሪሉስ ‹ቁልፉ አልከፍት ብሏል፣ በጓሮ ይሂዱ› ብሎኝ በጓሮ ዞርኩ።»

«ከዊልነር ጋር የተጣላ ሰው አለ?»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። «ሉክነር ሰሞኑን ‹ውሸታም› ብሎ ሰድቦታል። ግን ልጁ አፉ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም።»

ሉክነር ከፋብሪካ የገባው ፖሊሶች በሩን ከሞሉት በኋላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዶሮ ሲበልት ማደሩን አለቃው በስልክ አረጋገጠ።

«ሰድቤዋለሁ፣ አልክድም» አለ። «ፍሬኔል ሞቷል እኮ! ከሞተ ቆይቷል፤ የአክስቴ ልጅ ናት ቀብሩ ላይ የነበረችው። ታዲያ ይሄ ሰውዬ በየጠዋቱ ከማን ጋር ነበር የሚያወራው? ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ብቻውን!»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለአጎቴ ቴሪሉስ ብቻ። ለማዳም ኦዴት ልነግራት አንጀቴ እንቢ አለኝ።»

«ምን አለህ ታዲያ?»

«ተነስቶ ክፍሉ ገባ።»

የዊልነር ስልክ ሲመረመር ሉክነር እውነቱን ነበር። ከአገር ቤት ከተደወለለት ወራት አልፈዋል።

ቴሪሉስን ካፖርቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በሩ አጠገብ ዕቃ ተሞልቶ በመርከብ ወደ አገር ቤት የሚላክ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። ጎኑ ላይ «ሮዝሊን» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ልጅዎ ናት?»

«ልጄ ናት።»

«ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት አውርተናል።»

«በርሜሉንስ መቼ ሊልኩላት ነው?»

«እየሞላሁ ነው» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

ኤርላንድ ስትወጣ ክዳኑን አነሳ አድርጋ አየች። ባዶ ነው፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ቀርቶበታል። ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ማዳም ኦዴትን ስለ በርሜሉ ጠየቀቻት።

«ዩኒፎርሙን፣ ጫማውን፣ ሁሉንም ለቤተ ክርስቲያን ሰጠው። ‹አድጋለች፣ አይሆናትም› አለኝ። አዲስ ጫማ እኮ ነው! አብረን ነው የመረጥነው።»

ከቀትር በኋላ ኤርላንድ ሦስቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። የዊልነር ወንበር ባዶውን ነው።

«ዊልነር እንዲያው በአጋጣሚ አንሸራቶት አልሞተም» አለች። «ደረጃው ላይ ሆን ተብሎ ውኃ ፈስሷል። በዚህ ብርድ ወዲያው ይጋገራል። ሉክነር ፋብሪካ ነበር። ማዳም ኦዴት፣ እርስዎ ሁልጊዜ በፊት ለፊት ነው የሚወጡት፤ ዛሬ ግን በዚያ እንዳይሄዱ አንድ ሰው አሳሰበዎት። ቁልፉ ምንም አልሆነም፤ እኔ ራሴ በአንድ እጄ ከፍቼዋለሁ። ግግሩ መኖሩን ያወቀው፣ እርስዎ እንዳይወድቁ የሳሳው፣ ውኃውን ያፈሰሰው ሰው ነው።»

ማዳም ኦዴት ቀስ ብላ ወደ ቴሪሉስ ዞረች።

«ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር» አለች ኤርላንድ። «ልጁ ደኅና የሆነች አባት በርሜሏን ባዶ እያደረገ ‹እየሞላሁ ነው› አይልም። አዲስ ጫማዋንም ለሰው አይሰጥም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቶ ቴሪሉስ፣ ሮዝሊን መቼ ሞተች?»

«‹ሂጂ› ያልኳት እኔ ነኝ» አለ ቴሪሉስ። «ሰፈራችን ሲጨንቃት አክስቷ ዘንድ እንድትሄድ። ዊልነርን ጠየቅሁት። ‹የደቡቡ መንገድ ክፍት ነው፤ ፍሬኔል ራሱ ትናንት አልፎበታል› አለኝ። ታጣቂዎቹ አውቶቡሱን መንገድ ላይ አስቆሙት... ቀብሯን በስልክ ነው ያየሁት።»

«አጎቴ!» አለ ሉክነር። «ለምን አልነገርከንም?»

«መጀመሪያማ ዕጣዋ ነው ብዬ ነበር። አንተ ፍሬኔል እንደ ሞተ ስትነግረኝ ግን... በማግስቱ ዊልነርን እዚሁ ጋ ‹ሰፈራችን እንዴት አደረ?› አልኩት። ዳቦ እየቆረሰ፣ ‹ሰላም ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው› አለኝ። ዓይኔን እያየ! አንድ ባልዲ ውኃ ነው ያፈሰስኩት። ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

«እኛም አለንበት» አለች ማዳም ኦዴት። ጉንጯ ረጥቧል። «‹ምን ሰማህ? ምን ሰማህ?› እያልን ነው ያስለመድነው። ባዶውን ከመጣማ እህል አይወርድልንም ነበር።»

ፖሊሶቹ ቴሪሉስን በጓሮ አወጡት። ሲሄድ ዞር ብሎ አላየም። ኤርላንድ ልትከተለው ስትል ማዳም ኦዴት እጅጌዋን ያዘቻት።

«ልጄ፣ አገር ቤት ያለው ወንድሜ... በየሳምንቱ ሰላምታ ይልክልኝ ነበር። በዊልነር በኩል። ‹ድኗል፣ ምርኩዙን ጥሏል› ብሎኝ ነበር። እሱስ?»

«አላውቅም፣ እማማ» አለች ኤርላንድ።

ማዳም ኦዴት ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ የወንድሟን ቁጥር ፈለገች። አገኘችው። ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«ደውይለት እንጂ፣ አክስቴ» አላት ሉክነር።

«ነገ» አለችው፤ ስልኩንም መልሳ ኪሷ ከተተችው።