ከሁሉ ቀድሜ የመለስኩበት ቀን

ወዳጄ፣ ወሬውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ፣ እኔ ሙት መንፈስ፣ ጥላ፣ የሚጠራ ድምፅ ምናምን የሚባለውን ሁሉ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። አዘዞ ላይ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ ስነቅልና ስለጥፍ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ሰው የሞተበትን ማኪና ጎማ በእጄ ፈትቻለሁ፣ ደሙ ሳይደርቅ፣ እመነኝ፣ አንድም ቀን አንገቴን አዙሬ አላየሁም። አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልልህም። ግን ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ማንበብ የቻልኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ፣ ያለዚያ ቀሪው አይገባህም። እናቴ ጭልጋ ስትሞት ወንድሜ ደብዳቤ ጻፈ፣ የጻፈው ግን ለእኔ አልነበረም፣ ለሰፈሬ ሽማግሌዎች ነበር፣ እንደ አገሩ ደንብ ማለዳ ተሰብስበው ቤቴ መጥተው እንዲያረዱኝ። ደብዳቤውን የያዘው ደደብ አምጥቶ ለእኔው ሰጠኝ። አንብቡልኝ ማለት ያሳፍረኝ ስለነበር የእህል ጉዳይ ይሆናል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ሦስት ሳምንት የእናቴን መርዶ ይዤ ዞርኩ፣ ሠርግ ሄጄ ጨፈርኩ፣ ከሰው ጋር ተሳሳቅሁ። በኋላ ጠላ ቤት አንዱ ሲያነብልኝ ፖስታው ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታውቃለህ? «በእጁ እንዳይሰጠው» ነው የሚለው። በማግስቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ፣ የሰፈር ሕፃናት እየሳቁብኝ ሀሁ ብዬ ጀመርኩ።

እንግዲህ ማንበብ ስችል ስልክ ገዛሁ፣ ስልክ ስገዛ ፌስቡክ ገባሁ፣ ፌስቡክ ስገባ አንዱ ደንበኛዬ አንድ ግሩፕ ውስጥ ከተተኝ። የጎንደርና የወገራ ልጆች የተሰበሰቡበት ነው፣ ሥራቸው መጠያየቅና መሰዳደብ። አንዱ «ዝሆን ይዘላል ወይስ አይዘልም?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው «እንደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፣ ከተቀመጠ አይነሳም» ይላል። «የቀጭኔ ምላስ ቀለሙ ምንድን ነው?» «ቀንድ አውጣ ስንት ጊዜ ይተኛል?» ለማንም የማይጠቅም ነገር ነው፣ ግን ቀድሞ የመለሰ የቀኑ ሊቅ ይባላል፣ ወደኋላ የቀረ ይቀጠቀጣል። ወደኋላ የሚቀረው ማን እንደሆነ ልንገርህ? እኔ ነኛ! ፊደሉን ለቅሜ እስክጽፍ ጥያቄው ያረጃል።

ከሁሉ የከፋው ደምለው የሚባለው ነበር። መልኩን አይተን አናውቅም፣ ፎቶው ቀይ አውራ ዶሮ ነው፣ ዛሪማ ቤት ተከራይቶ ራዲዮና ስልክ እንደሚጠግን፣ እናቱ አምባ ጊዮርጊስ እንዳለች ብቻ እናውቃለን። የማያውቀው ነገር የለም። «አያ ሀሁ» የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። «ቀንድ አውጣ የሚተኛው አያ ሀሁ መልሱን እስኪጽፍ ነው» ይላል፣ «አያ ሀሁ አንድ መስመር እስኪጽፍ እኔ ሁለቱንም ጫማዬን አስሬ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ» ይላል፣ ሰዉ ይንከተከታል። እውነቱን ለመናገር የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው የሚያነብልኝም እሱ ብቻ ነበር፣ ከመሳቁ በፊት ያነባል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፣ ምን ያደርጋል።

አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ደንበኛ የለም፣ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ የእናቴን ደብዳቤ ታሪክ ጻፍኩት። ከቀልድ ጋር አልነበረም የጻፍኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። አንዱ ተነሥቶ «መርዶ በቦርሳው ይዞ የዞረ የመጀመሪያው ፖስተኛ! ደምለው ቢሰማ ምን ይል!» አለ። ከዚያ የሚስቅ ፊት ብቻ ነው፣ ሳቅ በሳቅ ላይ። «አያ ሀሁ፣ የእኔንም ደብዳቤ ይዘኸዋል እንዴ፣ ከዓምና ጀምሮ እየጠበቅሁ ነው» ያለም አለ።

ደምለው ራሱ ምንም አላለም። ግን ንዴቴ ወደ እሱ ሄደ፣ ስድቡን ያስተማራቸው እሱ ነው ብዬ፣ ደሜ ፈልቶ፣ ጎማ መፍቻውን ወርውሬ፣ ስልኬን አንሥቼ ጻፍኩ፦ «መርዶ። ወንድማችን ደምለው ትናንት ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱን ጫማ አድርጎ ሁለተኛውን ሲፈልግ በድንገት አርፏል። ለቅሶው አምባ ጊዮርጊስ እናቱ ቤት ነው።» በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም። ፊደሉ ራሱ ነበር የሚመጣልኝ፣ እመነኝ።

ሳቁ መጣ። «ነፍስ ይማር፣ ሁለተኛው ጫማ ለእኔ» አለ አንዱ። «የሞተ ሰው ጥፍር ያድጋል ወይስ አያድግም?» ብሎ ሌላው ጥያቄ አወጣበት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀዩ አውራ ዶሮ ብቅ አለ። ሌላ ጊዜ አሥር መስመር የሚሰድብ ሰው አንዲት መስመር ብቻ ጻፈ፦

«አያ ሀሁ፣ ዛሬ ገና ከሁሉ ቀድመህ መለስክ።»

ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። አሸነፍኩት ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ዓርብ ጠዋት አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። የደምለው እናት ጎረቤት ናት። «ያንተን ጽሑፍ አይተን ለሽማግሌዎች ነገርን፣ እነሱም ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አረዷት፣ ድንኳን ተተክሏል፣ የልጇን ስልክ ብንደውል ዝግ ነው። አሁን ቀልድ ነው የሚሉ አሉ። ቀልድ ከሆነ ምነው አትመጣም? መጥተህ በአፍህ ንገራት፣ ሴትዮዋ ልትሞት ነው።»

ግሩፑ ላይ «ሰዎች፣ እናትየው ሰምታለች፣ ደምለው ውጣና ተናገር» ብዬ ጻፍኩ፣ የሚስቅ ፊት ላኩልኝ፣ ርግማን ይብላቸው። ማኪና ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ስወርድ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ጉሙ አገሩን ውጦታል፣ የዘረጋኸውን እጅህን አታየውም። ለቅሶውን በድምፅ ተከትዬ ደረስኩ።

እናትየው ነጠላዋን አገልድማ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ተቧጥጧል። እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«እናታለም፣ ልጅዎ አልሞተም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በንዴት፣ በቀልድ። ይቅር ይበሉኝ።»

አንድ ሽማግሌ «ምን? ቀልድ አልክ?» ብለው ዱላቸውን አነሡ።

«ተዉት!» አለች እናትየው። «ማስረጃህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ራሱ መልሶልኛል፣ ይኸው።» ስልኩን ሰጠኋት።

«እኔ ማንበብ የት ዐውቄ። አንተ አንብብልኝ።»

አየህ፣ በሕይወቴ አንብብልኝ ተብዬ ስለመን የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። «ዛሬ ገና ከሁሉ ቀድመህ መለስክ።»

ፊቷ በራ። «የሱ አፍ ነው! ይሄ የሱ የለበጣ አፍ ነው!» ብላ ተነሣች፣ እልል አለች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ያ ሁሉ ዋይታ እልልታ ሆነ፣ ወንዶቹ እየተራገሙኝም እየሳቁም የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ፣ እኔንም ጠላ አስጨበጡኝ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከቤቱ ፊት ለፊት በድንጋይ የተነጠፈ መግቢያ አለ፣ ጉሙ ሸፍኖታል፣ እዚያ ላይ ሰው ይራመዳል። ቋ ይላል፣ ከዚያ ምንም፣ ቋ ይላል፣ ከዚያ ምንም። አንዱ እግር ድምፅ አለው፣ አንዱ የለውም። እኔ ብቻ አይደለሁም የሰማሁት፣ ጎረቤቲቱ እጇ ላይ ያለውን ማሰሮ ይዛ ቆማ ቀረች። እናትየው ደግሞ ደስ ብሏት «ደምለው! አንተ ክፉ፣ ግባ እንጂ!» አለች። ድምፁ ቆመ። ወጥቼ አየሁ። ማንም የለም። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፣ ሳየው ኔትወርክ የለውም፣ መልእክትም የለም። ሰዓቱ ግን ልክ ዘጠኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የጭነት ማኪና መብራቱን አብርቶ ከጉሙ ወጣ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ወረዱ፣ ትልቁ የፈታነውን ድንኳን አይቶ ግራ ገባው።

«እኛ ሳንደርስ ማን አረዳችሁ? ደግሞስ ምነው ድንኳኑን ታፈርሳላችሁ?»

የደምለው አከራይ ነው፣ ከዛሪማ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከክፍሉ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰምቷል፣ ዕቃ መስሎት ትቶታል። ዛሬ ማለዳ በሩን ሰበሩት። አልጋው ሥር እጁን ዘርግቶ ተገኘ፣ አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል።

«ስልኩስ?» አልኩት።

«ኪሱ ነበር፣ ባትሪው የሞተ። ዛሪማ እኮ ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ መብራት የለም።»

እናትየው አልጮኸችም። ወደ እኔ መጣች፣ ቀረብ ብላ አየችኝ። «ሁለት ጊዜ ገደልክብኝ» አለችኝ። «አንዴ በጽሑፍህ፣ አንዴ በአፍህ።» ብትረግመኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ድንኳኑን መልሰው ሲተክሉ አንዱን ገመድ እኔ ያዝኩ፣ ማንም ተው አላለኝ፣ ማንም አላየኝም።

ለግሩፑ ጻፍኩላቸው፣ ሁሉንም፣ እንደሆነው። ምን አሉ መሰለህ? «አያ ሀሁ ደራሲ ሆነ!» በመጨረሻ እውነት መሆኑን ሲያረጋግጡ ሻማ ለጠፉ፣ በማግስቱ ወደ ዝሆናቸው ተመለሱ። የጻፈልኝን መስመር ማን ጻፈው ስላቸው አንዱ የሚያውቅ ነኝ ባይ «አካውንቱን ጠልፈውት ነው» አለኝ። ይሁን። ጠላፊው መልሴ ልክ መሆኑን በምን ዐወቀ አልለውም፣ ምክንያቱም ከጠላፊው በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔስ በምን ዐወቅሁ? ይህን ሳስብ ነው የምናደደው፣ የምናደድበት ሰው አጥቼ የምናደደው። ዳግመኛ መርዶ ይዤ ዞርኩ፣ ያውም ፊደል ቆጥሬ፣ ያውም በገዛ እጄ ጽፌ፣ አሁንም የያዝኩትን ሳላውቅ።

የደምለውን ስልክ እናትየው ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፣ ጎረቤቲቱ ናት የነገረችኝ። በአርባው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጎማ እየነፋሁ ሳለ ቀዩ አውራ ዶሮ ግሩፑ ላይ ጥያቄ አወጣ፦ «ለአያ ሀሁ ብቻ። አንድ ሰው ሁለት መርዶ ሳያውቀው ይዞ ከዞረ ሦስተኛው የማን ነው?»

ከሥሩ እንደ ልማዳቸው ይስቃሉ፣ «ቶሎ በል፣ ቀንድ አውጣው ነቃ» ይላሉ። እስከ ዛሬ አልመለስኩም። አንዳንድ ቀን ግን ፊደሉ ራሱ ይመጣልኛል፣ ጣቴ ስልኩ ላይ መሮጥ ይጀምራል፣ «መርዶ» ብሎ የሰው ስም ሊጽፍ ሲል ወርውሬው እወጣለሁ።

ይህንን የጻፍኩልህን እንኳ ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከደምለው በቀር የአንድም ሰው ስም የለበትም፣ የራሴም። ያንተንም ስም አላውቀውም፣ ባላውቀው ይሻላል፣ ጽፈህም አትንገረኝ።