የሀቢቡ አውራ በግ

በሽታ ከገባበት ቤት ብቻውን ይወጣል ያለ ማነው? አረቅጥ በሚባል የደጋ አገር ከሀቢቡ ቤት ሲወጣ ጉረኖውንም አራቁቶ ነው የወጣው! የደጋው ብርድ የማይበግራቸው፣ ጸጉራቸው ተሸልቶ ባና የሚሠራበት፣ ሥጋቸው የሚጣፍጥ የአባቱ በጎች ነበሩት። ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህ ግን ወልቂጤ ሐኪም ቤት በተመላለሰ ቁጥር በግ ይሸጣል። ታናሽ ወንድሙ ሸረፋ ቡታጅራ ወስዶ ይሸጥና «ገበያው ወድቋል» እያለ ትንሽ ብር ይዞ ይመለሳል። ወይ ወንድም! የቀረውን ኪሱ ያውቀዋል።

ሀቢቡ ሞቱ ሲቃረብ የሚስቱን የከድጄን እጅ ያዘ። «አውራውን እንዳትሰጪ… እሱ ከሄደ ለቀሩት ሁለት እናት በጎች የሚሆን አውራ የለም፣ የአባቴ በጎች ዘር አለቀ። ለልጃችን ለሰፍያ የማወርሳት ሌላ ምን አለኝ?» አላት። ሳይነጋ አረፈ።

አረፋ ሲደርስ ሸረፋ ገመድ ይዞ ከተፍ አለ። አንድ የቡታጅራ ሀብታም ለኡዱሂያ፣ ለበዓሉ መሥዋዕት፣ የሚታረድ ያማረ በግ አዞት ኖሯል።

«ወንድሜ ወንድ ልጅ አልተወም። በጉ የኔ ነው» አለ።

«ሰፍያስ? ልጁ አይደለችም?»

«አትከራከሪኝ ከድጄ! ሽማግሌ ፈርዶልኛል።»

ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ያያል። ከድጄ ጓዳ ገብታ ባሏ በጎቹን ይሸልትበት የነበረውን መቀስ ይዛ ወጣች። ጉረኖው ውስጥ ገብታ አውራውን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ያዘችና… አንድ ጆሮውን ከሥሩ ጎመደችው! በጉ ጮኸ። ሰፍያም ጮኸች።

«በል ውሰደው! ጆሮው የተቆረጠ በግ ለኡዱሂያ አይሆንም። ሀብታምህ ይቀበልህ እንደሆነ እናያለን!»

«ለሥጋም ቢሆን እወስደዋለሁ!» ብሎ ሸረፋ ሲጠጋ፣ ያን ጊዜ የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው በጉረኖው በር ላይ ቆሙበት። እየተራገመ ሄደ።

ከድጄ ደም የነካውን የበጉን ራስ አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ይቅር በለኝ ሀቢቡዬ! አንተ እኮ አንድ ቀን እንኳ በዱላ ነክተኸው አታውቅም…» እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«እማ፣ አመመው?» አለች ሰፍያ።

«አዎ ልጄ፣ አሞታል። ግን ቤቱ ነው ያለው።»

የተጻፈውን ማን ይፍቀዋል? ሞት የአላህ ውሳኔ ነው፤ ከድጄ ለሱ አንገቷን ደፍታለች። ለሸረፋ ግን ምን በወጣት!